ዳንቴሉን አንሡ፦ ስለ ፒያኖ ተጫዋች ለሚሠራ ዘጋቢ ፊልም ዝነኛ ሙዚቀኞችን መጠየቅ

ከዓመታት በፊት አንድ አንጋፋ ሙዚቀኛ ቤት ካሜራ ተክለን ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል አነጋገርናቸው። የምንጠይቃቸው ስለ አንዲት ፒያኖ ተጫዋች ነበር። «ታላቅ ሰው ናቸው፤ የአገር ሀብት ናቸው፤ እንደ እሳቸው ያለ አልተፈጠረም» አሉን። አመስግነን ተነሣን። መብራት አጥፍተን ገመድ ስንጠቀልል እሳቸው ጥግ ላይ ወዳለው ፒያኖ ሄዱ። ክዳኑ ላይ ከተነጠፈው ዳንቴል የቤተሰብ ፎቶግራፎችን አንድ በአንድ አወረዱ፤ ዳንቴሉን አጠፉ፤ በሁለት ጣት አንዲት የዜማ ሐረግ መቱና «አያችሁ፣ ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ጋ ያርፋል። እሳቸው ግን አያርፉም፤ ያልፉታል» አሉ። እንደገናም መቱት። እኛ የመጣነው ይህንን ፍለጋ ነበር፤ ካሜራው ግን ቦርሳ ውስጥ ገብቷል።

ከዚያ ወዲህ የትም ስሄድ መጀመሪያ የማየው ፒያኖው ላይ ምን እንደተቀመጠ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ካሜራው ሳይዘጋ ያቺን ሐረግ ለማግኘት የሚደረግ ዝግጅት ነው።

ለምሳሌነት መነኩሲቷን ፒያኖ ተጫዋች እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ይዣለሁ። ስለ እሳቸው ፊልም ለመሥራት የሚያስብ ወጣት ብዙ ነው፤ ሥራውም ከሚመስለው በላይ አስቸጋሪ ነው። የሚያስቸግረው የታሪክ እጥረት ሳይሆን የታሪክ መብዛት ነው።

1. የሕይወት ታሪኩን ከሙዚቀኞቹ ትከሻ ላይ አውርዱ

የእማሆይ ሕይወት በራሱ ፊልም ነው። በ1916 ዓ.ም አዲስ አበባ ተወለዱ፤ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ የእነ ስንዱ ገብሩ እህት፣ የልጅነት ስማቸው የውብዳር። በስድስት ዓመታቸው ከእህታቸው ጋር ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ፤ ቫዮሊንና ፒያኖ እዚያ ጀመሩ። ጣሊያን አገሪቱን ሲወር ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው ጣሊያን ውስጥ አዚናራ ደሴት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ውስጥ ፖላንዳዊው ቫዮሊን ተጫዋች አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች አስተማራቸው። ለንደን ሄዶ የመማር ዕድል ተከፍቶላቸው ሳይሄዱ ቀሩ፤ ገና በወጣትነታቸው ወደ ግሸን ማርያም ሄደው መነኮሱ። የኋለኛው ዕድሜያቸው ያለፈው ኢየሩሳሌም በሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም ሲሆን ያረፉትም እዚያው መጋቢት 2015 ዓ.ም፣ በዘጠና ዘጠኝ ዓመታቸው ነው።

ይህን የሰማ ሙዚቀኛ ሁሉ ይህንኑ መልሶ ይነግራችኋል። ክፋት የለውም፤ ሰው የሚያውቀውን ይናገራል። ግን ስድስት ታዋቂ ሰዎች እየተቀባበሉ ከጋዜጣ የተነበበ ታሪክ የሚተርኩበት ፊልም ማንንም አያስቀምጥም። ስለዚህ ቃለ መጠይቅ ከመጀመራችሁ በፊት የሕይወት ታሪኩን ማን እንደሚሸከመው ወስኑ፦ ተራኪው፣ የቤተሰብ ፎቶግራፎች፣ ደብዳቤዎች፣ ዘመዶች፣ የገዳሙ ሰዎች። ለሙዚቀኛው የሚቀረው ሙዚቀኛ ብቻ የሚመልሰው ነው። ስትጋብዙም ይህን በግልጽ መናገር ይረዳል፤ «ስለ ሕይወታቸው ሌሎች ነግረውናል፤ ከእርስዎ የምንፈልገው ስለ ጣታቸው ነው» ሲባል አንጋፋው ሙዚቀኛ እንዴት ቀና ብሎ እንደሚቀመጥ ታያላችሁ።

አንድ ገጽ የጊዜ ሰሌዳ አዘጋጁ። በግራ የኢትዮጵያ፣ በቀኝ የአውሮፓ አቆጣጠር ይሁን። ለምን እንደሚያስፈልግ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

2. አንድ ሥራ ሠላሳ ጊዜ ስሙ

ሁሉንም አልበም አንዳንድ ጊዜ ከመስማት አንዱን ዜማ ሠላሳ ጊዜ መስማት ይሻላል። የእማሆይ የመጀመሪያ ሸክላ በአውሮፓውያኑ 1960ዎቹ ጀርመን ውስጥ የታተመ ነው። ዓለም በሰፊው የሰማቸው ግን በአውሮፓውያኑ 2006፣ የኢትዮፒክስ የተሰኘው የኢትዮጵያ ሙዚቃ የሲዲ ተከታታይ ሃያ አንደኛ ቁጥር ሆኖ ሥራቸው ሲወጣ ነው። ከዚያ ውስጥ ሁለት ሥራ ምረጡና ሰዓት ይዛችሁ አድምጡ፤ «1 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ላይ ፍጥነቱ ላላ አለ፤ ግራ እጅ ዝም አለ» እያላችሁ በደብተር ያዙ። ኖታ ማንበብ ባትችሉም ይህን ማንም ያደርገዋል፤ ጥያቄ የሚወጣውም ከዚህ ደብተር ነው።

ቅኝት ሳታውቁ ግን አትሂዱ። የሙዚቃ ተማሪ መሆን አይጠበቅባችሁም፤ ትዝታ (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ) ከባቲ (ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ) በምን እንደሚለይ በጆሯችሁ እስኪገባ ድረስ ፒያኖ ወይም ኪቦርድ ካለው ጓደኛ ጋር አንድ ከሰዓት አሳልፉ። አምባሰልና አንቺ ሆዬንም አስመቷቸው። ይህን ስታደርጉ የነገሩ ቋጠሮ ወዲያው ይታያችኋል። ማሲንቆ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ይንሸራተታል፤ ዘፋኝም ድምፁን ያጥፈዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል። ፒያኖ ይህን አይችልም፤ ሰማንያ ስምንቱ ቁልፎች እያንዳንዳቸው ያላቸው አንድ ቁርጥ ያለ ድምፅ ነው። ታዲያ ያ እንጉርጉሮ ፒያኖ ላይ እንዴት ተሰማ? በትንንሽ ፈጣን ጣቶች? በፔዳል? በዘገየ እጅ? ይህን ጥያቄ ለፒያኖ ሰው ብታቀርቡለት በቃል ብቻ ሊመልስላችሁ አይችልም። ተነሥቶ መቀመጫውን ይስባል።

3. ማንን? ለምን?

ዝናን ብቻ ይዛችሁ ስም አትዘርዝሩ። ከእያንዳንዱ ስም ፊት ለፊት «ይህ ሰው ሌላው የማይመልሰውን ምን ይመልሳል?» ብላችሁ ጻፉ። መልስ ካጣችሁለት፣ የቱንም ያህል ዝነኛ ይሁን፣ ይቅር።

እማሆይ ባንድ ይዘው በየመድረኩ የዞሩ ሰው አይደሉም፤ ስለዚህ «አብሬያቸው ተጫውቻለሁ» የሚል ዝነኛ ለማግኘት ጊዜ አታጥፉ። የሚጠቅማችሁ ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ለምሳሌ ግርማ ይፍራሸዋ ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ወጥቶ ሶፊያ ውስጥ በክላሲካል ፒያኖ የሠለጠነ፣ በኢትዮጵያ ዜማ ላይ ለፒያኖ የሚደርስ ሰው ነው፤ ከአውሮፓ ትምህርት ወደ አገር ዜማ መመለስ በእጅ ላይ ምን እንደሚመስል ከእሱ የተሻለ የሚያሳይ አይገኝም። እስራኤላዊቷ ፒያኖ ተጫዋች ማያ ዱኒትስ ደግሞ በአውሮፓውያኑ 2013 የእማሆይ ኖታዎች በመጽሐፍ ሲታተሙ የደከመች ናት፤ የእጅ ጽሑፉን ያየ ዓይን ስለሆነ ጥያቄው የሚሆነው «ወረቀቱ ላይ ምን ተጽፏል? ሲጫወቱትስ ምን ይጨምሩ ነበር?» ነው። ከጃዝ በኩል ብሄድ እኔ ኃይሉ መርጊያን እመርጣለሁ። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ ዋሽንግተን ቀርቶ ታክሲ ሲነዳ ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ፣ ተሳፋሪ በሌለበት ሰዓት ይለማመድ ነበር። ሰሚ ሳይኖር ለዓመታት መጫወት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ገዳም ክፍል ውስጥ ስለሚመታ ፒያኖ ቢጠየቅ፣ ስለ እማሆይ አንድ ታሪክ እንኳን ባያውቅ መልሱ ውኃ የሚያነሣ ይሆናል።

ከአምስት ሰው አትለፉ። አሥራ አምስት ሰው የተጠየቀበት ፊልም ብዙውን ጊዜ ዳይሬክተሩ መምረጥ ስላልደፈረ የተሠራ ነው።

4. በር ማንኳኳት

ዝነኛ ሙዚቀኛ ዘንድ በሦስት መንገድ ይደረሳል፦ በሥራ አስኪያጁ፣ በቤተሰቡ፣ ወይም በሚያከብረው ሰው። ለአንጋፋዎቹ ሦስተኛው ይሻላል። አብሯቸው ባንድ ውስጥ የነበረ፣ ወይም ያስተማሩት ተማሪ «ልጆቹ ጨዋ ናቸው» ብሎ አንድ ስልክ ቢደውል አምስት ኢሜይል የማይሠራውን ይሠራል። ከዚያ በኋላ ግን ደብዳቤ ይኑር፤ አጭር፣ በአማርኛ፣ የፊልሙን ርእስ ጉዳይ፣ የሚወስደውን ጊዜ፣ ማን እንደሚከፍለውና የት እንደሚታይ የሚናገር። «ጥቂት ደቂቃ ብቻ» ብላችሁ ሦስት ሰዓት አትቀመጡ። ሁለት ሰዓት ከሆነ ሁለት ሰዓት በሉ።

የመጀመሪያው ጉብኝት ያለ ካሜራ ይሁን። ቡና ጠጡ፤ ክፍሉን እዩ፤ ፒያኖው ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ። ዋና ጥያቄዎቻችሁን ግን በዚያ ቀን አትጨርሱ። ሰው አንድን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስታውስ ፊቱ ላይ የሚታየው ለሁለተኛ ጊዜ አይመጣም። እሳቸው ራሳቸው ወሬውን ከጀመሩት «ይህቺን ለካሜራው ይቆጥቡልን» ማለት ነውር የለውም፤ ደስ ይላቸዋል እንጂ አይቀየሙም።

ቀጠሮ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንዱ ሰዓት ነው። ከውጭ አገር ሙዚቀኛ ጋር ስትቀጣጠሩ «ሦስት ሰዓት» ብሎ መተው ጉድ ያፈላል፤ የእኛ ሦስት ሰዓት ይሁን የእነሱ፣ ጠዋት ይሁን ከሰዓት፣ የአዲስ አበባ ይሁን የዋሽንግተን ጻፉት። አዲስ አበባ ዋሽንግተንን በበጋቸው በሰባት፣ በክረምታቸው በስምንት ሰዓት ትቀድማለች። ሌላው ጾም ነው። ስለ አንዲት መነኩሲት ሙዚቃ ስትጠይቁ ከምታነጋግሯቸው ሰዎች ብዙዎቹ ነሐሴ ከገባ ጀምሮ ፍልሰታን ሱባኤ የሚይዙ ሊሆኑ ይችላሉ። ዘመኑም ክረምት ነው፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የነሐሴ ዝናብ ሲወርድ የተቀዳ ቃለ መጠይቅ ደግሞ ለምንም አይሆንም። ኢየሩሳሌም ውስጥ ገዳሙ ግቢ መቅረጽ ካሰባችሁ ፈቃዱን ቀድማችሁ ከአባቶች ጠይቁ፤ የቅዳሴ ሰዓት ካሜራ አታውጡ፤ ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ጫማችሁን አውልቁ።

5. ክፍሉን ማዘጋጀት

ከተቀጠረው ሰዓት አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። የመጀመሪያው ሥራ፣ አልኩ እኮ፣ ፒያኖው ላይ ያለውን ማንሣት ነው። ባለቤቱን ወይም ባለቤቷን አስፈቅዱ፤ ከማንሣታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። ክዳኑ ተከፍቶ ይቆይ። የተከፈተ ፒያኖ አጠገብ የተቀመጠ ሙዚቀኛ እጁ አያርፍም፤ መልሱ ሲጠፋው ቁልፉን ይነካል። መቀመጫውንም ለዚህ አመቻቹ፦ ሶፋ ላይ አታስቀምጧቸው፤ ሶፋ ሰውን ወደ ኋላ ያስደግፍና ንግግሩን የሸንጎ ያደርገዋል። የፒያኖው ወንበር ላይ ሆነው ወደ እናንተ ዞር ቢሉ ይሻላል።

ሁለት ካሜራ ከሌላችሁ አንድ ተበደሩ። አንዱ ፊት ላይ፣ ሌላው ከላይ ወይም ከጎን ሆኖ ቁልፎቹን ይይዝ። ሁለተኛው ካሜራ ከመጀመሪያው ደቂቃ እስከ መጨረሻው ሳይቆም ይቅዳ፤ ባዶ ቁልፍ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢቀዳም ኪሳራው የሜሞሪ ካርድ ብቻ ነው። አገራችን የኤሌክትሪክ ኃይሉ 50 ኸርዝ ስለሆነ የካሜራውን ሹተር (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያገኝበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ላይ አድርጉት፤ አሜሪካ ስትቀርጹ 60 ኸርዝ ነውና 1/60። ይህ ካልሆነ የቤቱ አምፖል ፊልሙ ላይ ሲርገበገብ ታገኙታላችሁ።

ድምፅ ከምስል ይቀድማል፤ የሙዚቃ ፊልም ነው። አንድ ትንሽ ማይክሮፎን ደረታቸው ላይ፣ ሌላ ጥሩ ማይክሮፎን ለፒያኖው፤ ሁለቱም በተለያየ መስመር ይቀዱ፣ በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት። መጠኑን ስትለኩ በንግግር ብቻ አትለኩ፤ ጮክ ያለ አኮርድ (ብዙ ቁልፍ በአንድ ጊዜ) እንዲመቱ ጠይቁና የፒያኖውን መስመር በዚያ ልክ አድርጉት፤ አለዚያ የመጀመሪያው ብርቱ ምት ድምፁን ይሰብረዋል። ማቀዝቀዣውን ነቅላችሁ ከሆነ የመኪናችሁን ቁልፍ ውስጡ አስቀምጡ፤ ሳትሰኩት ከግቢ አትወጡም። (የሰው ሥጋ አበላሽቼ አውቃለሁ። ያ ቤት ዳግመኛ አልተከፈተልኝም።) የሰፈሩ ድምፅ ግን የእናንተ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያም የመስጊድ አዛንም ሲጀምር ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ። መብራት ቢጠፋ የጎረቤት ጄኔሬተር መነሣቱ ስለማይቀር አስቀድማችሁ የምትሸሹበትን ክፍል እወቁ። በመጨረሻም ማንም ሳይናገር የክፍሉን ዝምታ አንድ ደቂቃ ቅዱ፤ አርታኢው ያመሰግናችኋል።

ፒያኖው ከቅኝት የወጣ ከሆነና ቃኚ ማግኘት ከቻላችሁ ከሁለት ቀን በፊት አስቃኙት። ካልተገኘ ሙዚቀኛው ቀድሞ ይሞክረው፤ የሚያሳፍረው ቁልፍ የትኛው እንደሆነ ይወቅና ይሽሸው። በሰው ፊት በድንገት የተበላሸ ቁልፍ የመታ ሙዚቀኛ ከዚያ በኋላ አይጫወትላችሁም።

6. ወረቀት

የፈቃድ ቅጹን ከቀረጻው በፊት፣ ቡናው ላይ አስፈርሙ። በአማርኛ ይሁን፤ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። ቃሉን መጠቀምና ጨዋታውን መጠቀም ሁለት የተለያዩ አንቀጾች ይሁኑ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብትና የከዋኙ መብት የተለያዩ ናቸው። ግርማ የእማሆይን ሥራ ካሜራችሁ ፊት ቢጫወት የአጨዋወቱ መብት የእሱ ነው፤ ዜማው ግን የእማሆይ ወራሾች ነው፤ መብቱ ደራሲው ካረፈ በኋላም 50 ዓመት ይዘልቃል። እማሆይ ያረፉት በ2015 ዓ.ም ስለሆነ ስሌቱን ራሳችሁ ሥሩት። በስማቸው የተቋቋመ ፋውንዴሽን አለ፤ ከዚያ ጀምሩ። ሸክላውን ወይም ሲዲውን በቀጥታ ልታሰሙ ከሆነ ደግሞ የአሳታሚው ፈቃድ ለብቻው ያስፈልጋል።

ክፍያን በተመለከተ የእኔ ደንብ ይህ ነው፦ ለቃል አልከፍልም፣ ለጨዋታ እከፍላለሁ። ሙዚቀኛ እንጀራው ጣቱ ነው።

7. መጠየቅ

አጠራር ይቀድማል። ቤተሰቡ ምን ብሎ እንደሚጠራቸው ስሙና በዚያው ጥሩ፤ ጋሼ ከሆነ ጋሼ፣ እትዬ ከሆነ እትዬ። የመድረክ ስማቸውን ብቻ ይዞ መጥራት ቲኬት እንደ ቆረጠ ሰው ያስመስላል። አንቱታው እስከ መጨረሻው ይዝለቅ፤ «አንተ በሉኝ» ቢሏችሁ እንኳን ካሜራው ፊት አትለውጡት።

እነሱ ግን ስለ ፒያኖ ተጫዋቿ ሲናገሩ የሚጠቀሙበትን አጠራር ጆሯችሁን ጣል አድርጋችሁ ተከታተሉ። አብዛኛው ሰው በ«እሳቸው» ይጀምራል፤ «እማሆይ እንዲህ አሉ፣ እማሆይ እንዲህ አደረጉ»። አንዳንዴ መሐል ላይ ሳይታወቃቸው «እሷ እኮ ግራ እጇ…» ይላሉ። ያኔ የሚያወሩት ስለ ሐውልት መሆኑ ቀርቶ ስለ ሙዚቀኛ ባልደረባ ሆኗል። አታቋርጡ፤ አታርሙ፤ ደብተራችሁ ላይ ሰዓቱን ጻፉ። የፊልሙ እምብርት ብዙ ጊዜ ከዚያች ቃል በኋላ ባሉት ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ ይገኛል። በኋላም «ነውር ነው» ብሎ ቃሏን የሚያስቆርጥ አርታኢ ካለ ተከራከሩት።

ጥያቄ «እንዴት ይገልጿቸዋል?» ብሎ መጀመር ውዳሴ መለመን ነው፤ የምታገኙትም ውዳሴ ነው። በምትኩ የሚጨበጥ ነገር ጠይቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰሟቸው የት ቤት ነበሩ? ከምን ላይ ነው የሰሙት፣ ከሸክላ፣ ከካሴት፣ ከሬዲዮ? ሲጨርስ ምን አደረጉ? መልሰው ከፈቱት? ሞከሩት? የቱ ጋ ተሳሳቱ? «የቱ ጋ ተሳሳቱ» የምወዳት ጥያቄ ናት። ሊጫወተው ሞክሮ ያልተሳሳተ ሙዚቀኛ የለም፤ ስሕተቱን ሊያሳያችሁ ደግሞ ወደ ቁልፉ መዞር አለበት።

ከዚያ ከደብተራችሁ አንዱን ቦታ አውጡ። ስልክ ላይ አትክፈቱላቸው፤ ጥሩ ድምፅ ማጉያ ይዛችሁ ሂዱ። ሃያ ሰከንድ አሰሟቸውና ዝም በሉ። የዝምታው ርዝመት ሲያስጨንቃችሁ አሥር ሰከንድ ጨምሩበት። ወጣት ጠያቂ ከሚሠራው ጥፋት ሁሉ የሚብሰው ሙዚቀኛው እያሰበ ሳለ ቀጣዩን ጥያቄ መወርወሩ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ሲንቀሳቀስ ካያችሁ ሁለተኛውን ካሜራ ወደዚያ አዙሩት፤ ጉልበት ላይ የሚጫወት ጣት ከየትኛውም ቃል ይበልጣል።

ስለ ድክመት መጠየቅስ? በእኛ ዘንድ ስላረፉ መነኩሲት «ምን አልወደዱላቸውም?» ማለት አይሞከርም፤ ቢሞከርም መልሱ «ነፍሳቸውን ይማር» ነው። ግን ትችት የሌለበት ፊልም የአርባ ቀን ተዝካር ይሆናል። እኔ የምጠቀምበት መንገድ ተማሪን መሐል ማስገባት ነው፦ «እርስዎ የሚያስተምሩት ልጅ ይህን አጨዋወት ቢያመጣልዎ የትኛውን ይተዉለት፣ የትኛውን ይከለክሉት ነበር?» መምህር መምህር ነው፤ ወዲያው ይዘረዝርላችኋል። «ምቱን እንዲህ እንዲያላላ አልፈቅድለትም» ይላል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ «እሳቸው ግን ቢያላሉት…» ብሎ ራሱን ይቃረናል። መቃረኑን አትጠቁሙት። ፊልሙ ውስጥ ሁለቱንም አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጧቸው።

ጥያቄያችሁ መልሱ ውስጥ እንዲገባ ማድረግንም አትርሱ። ድምፃችሁ ከፊልሙ ስለሚወጣ «አዎ፣ በጣም» የሚል መልስ ብቻውን አይቆምም። ሙዚቀኛውን እንደ ተማሪ «ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይናገሩ» ማለት ግን ያስቀይማል። «እኔ ፊልሙ ውስጥ አልኖርም፤ ለልጅ ልጅዎ እንደሚነግሩ አድርገው ይንገሩኝ» ብትሉ ይበቃል።

8. ዘመን ማጣራት

«በስልሳ ሁለት ነው» ሲሉ በየትኛው ስልሳ ሁለት? በእኛ 1962 ከሆነ ለአውሮፓውያኑ 1969 ወይም 1970 ነው፤ አሜሪካ ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው ግን በአውሮፓው እየቆጠረ ሊሆን ይችላል። የተናገረው ሰው ራሱ አንዳንዴ ይቀላቅላል። «የትኛው አቆጣጠር?» ብሎ ማቋረጥ ጨዋታውን ይገድላል። ከዚያ ይልቅ አገር የሚያውቀውን ምልክት ጠይቁ፦ ከታኅሣሡ ግርግር በፊት ነው በኋላ? ንጉሡ ነበሩ? ሰዓት እላፊ ተጀምሮ ነበር? ሰው ዓመት ይረሳል እንጂ ሰዓት እላፊ ደርሶበት ያደረበትን ቤት አይረሳም። ማታ ቤት ገብታችሁ ከሁለት ዓምዱ ሰሌዳ ጋር አስተያዩት። ካልገጠመ ስልክ ደውላችሁ አጣሩ። ያልገጠመውን ደግሞ በፊልሙ ጽሑፍ ላይ በግምት አትሙሉ።

9. ከመሄዳችሁ በፊትና በኋላ

«ጨረስን» በሉ፤ ካሜራውን ግን አታጥፉ። ይህን ተደብቃችሁ አታድርጉት፤ ገና ስትጀምሩ «ከግቢ እስክንወጣ ድረስ ካሜራው ይቀዳል» ብላችሁ አስፈቅዱ፤ እነሱ ይረሱታል፣ እናንተ አትረሱም። ገመዱን በቀስታ ጠቅልሉ። እኔ ጋ የሆነው እናንተ ጋም የሚሆነው በዚህ ሰዓት ነው።

የዚያኑ ዕለት ማታ ቅጂውን ሁለት የተለያየ ሀርድ ዲስክ ላይ ገልብጡ፤ ሁለቱ ዲስኮች በአንድ ቦርሳ አይሂዱ። በሳምንቱ ውስጥ ንግግሩን ቃል በቃል ወደ ጽሑፍ ገልብጡ፤ ሙዚቃ የተመታበትን ቦታ «(ይጫወታሉ)» ብላችሁ አትለፉት፤ ምን እንደተመታ፣ በየትኛው እጅ፣ ስንት ጊዜ እንደተደገመ ጻፉ። አርትዖት ላይ በቃል የተነገረውና በጣት የተነገረው ሲጋጩ ጣቱን እመኑ።

ፊልሙ ከመታየቱ በፊት ለእያንዳንዱ ሙዚቀኛ የራሱን ክፍል አሳዩት። የማሳረም መብት ስጡ እያልኩ አይደለም፤ አሳዩት ብቻ። ስም፣ ዓመትና ቅኝት ላይ ስሕተት ካለ ያኔ ይያዛል።

በዕለቱ ደግሞ ከቤታቸው ስትወጡ ስልካችሁን አውጥታችሁ ጠዋት ያነሣችሁትን ፎቶ ክፈቱ። ክዳኑን ዝጉ። ዳንቴሉን አንጥፉ፤ የሠርጉ ፎቶግራፍ በግራ፣ የልጅየው ምረቃ በቀኝ፣ አበባው መሐል። የመኪና ቁልፋችሁንም ከማቀዝቀዣው ውስጥ አውጡ።